ስለሚያወራው ሮቦት፣ ስለ ጉደኛ ዜናዎች እና ስለ ባለቤትሽ

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ስለ ቴክኖሎጂ የሚወጡ ጉደኛ ዜናዎችን ማንበብ እወዳለሁ። ፍሪጅ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመረ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አልጋ ጋለ፣ ጫማ በአፕዴት ተበላሸ የሚል ወሬ ካየሁ ሳላነበው አላልፍም። አንብቤም ዝም አልልም። አስተያየቴን ጨምሬ ለባለቤቴ እልክለታለሁ። እሱ ደግሞ አዲስ ዕቃ ወዳድ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እየተሳሳቅን ነበር የምንከራከረው። አሁን ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ስድስት ዓመት ሊሞላት ለተቃረበችው ልጃችን ልደት ከልጆች ጋር የሚያወራ ሮቦት ልግዛላት ብሏል። እኔም ኩባንያው ተዘግቶ ሮቦቱ ዝም ስላለባቸው ልጆች ያነበብኩትን ላክሁለት። ‹አንቺ ቴክኖሎጂ ትጠያለሽ። ከመቶ አንዱን ጉድ ይዘሽ ዘጠና ዘጠኙን ትኮንኛለሽ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬው በተነሳ ቁጥር ፊታችን ይጠቁራል። ልጅቷ ደግሞ ፎቶውን ስልኩ ላይ አይታ ‹መቼ ነው የሚመጣው?› እያለች ትጠይቃለች። ማናችን ነን ልክ? ለልጄስ ምን ልበላት?»

ውድ እህቴ፣

ልደቱ እየቀረበ ስለሆነ ከሮቦቱ ልጀምር። በሮቦቱ ጉዳይ ካንቺ ጋር ነኝ። የስድስት ዓመት ልጅ፣ ያለ ኢንተርኔት አንዲት ቃል መተንፈስ ከማይችል ሮቦት ጋር እንድትላመድ አልመክርም። ስለ ዜናዎቹ ግን ባለቤትሽ ከተናገረው ውስጥ እውነት አለ። እሱንም ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ።

ያነበብሽው የሞክሲን ታሪክ ይመስለኛል። ሞክሲን የሠራው ኢምቦዲድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ከ5 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ፣ 799 ዶላር የሚሸጥ፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ትንሽ ሮቦት ነበር። ልጁ ሲያወራው ወደ ልጁ ይዞራል። ስሙን ይጠራል። ዛሬ ምን እንደተሰማው ይጠይቀዋል። ከሰው ጋር መግባባት የሚከብዳቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች በተለይ ወደውት ነበር። እ.ኤ.አ. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዲሴምበር 2024 ኩባንያው ሲጠብቀው የነበረው ገንዘብ በመጨረሻው ሰዓት ቀረበትና ልዘጋ ነው አለ። ከዚህ ዜና ጋርም ወላጆች ለልጆቻቸው ነገሩን እንዲያስረዱበት ደብዳቤ አዘጋጀ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንድ ድርጅት የሸጠው ዕቃ መሥራት ሲያቆም ለደንበኛው የሚሰጠው ነገር ብዙ ጊዜ ደረሰኝና ይቅርታ ነው። ይሄኛው ግን «ጓደኛህ ከእንግዲህ አያወራም» የሚለውን ለሕፃን የሚያስረዳ ጽሑፍ መስጠት ግድ ሆነበት። ልጆች ሲያለቅሱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም ወጡ። ዕቃው አልተሰበረም። ባትሪው ይሞላል፣ ዓይኖቹ ይበራሉ፣ ሞተሩም ይሠራል። የሄደው የሚያስበው ክፍሉ ነው። እሱ ደግሞ ድሮም ቤት ውስጥ አልነበረም።

ሙሉ ታሪኩን ለመናገር፣ ኩባንያው በኋላ ላይ የቴክኒክ ዕውቀት ያላቸው ባለቤቶች ሮቦቱን ከራሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው እንዲያስነሱት መንገድ ከፍቷል። ይህን ማድረጉ ያስመሰግነዋል። ግን ስንቱ ወላጅ ነው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ሰርቨር፣ ማለትም ለሮቦቱ የሚያስብለትን ኮምፒውተር፣ የሚያቆመው?

ሞክሲ የመጀመሪያውም አልነበረም። ጂቦ የተባለው የቤት ሮቦት በ2014 ከሕዝብ በኢንተርኔት ገንዘብ ተሰብስቦለት ተጀመረ። ገዢዎች እጅ የገባው በ2017 ነው፣ ዋጋውም 899 ዶላር ነበር። በ2019 ጂቦ ራሱ ሰርቨሮቹ በቅርቡ እንደሚጠፉ ለቤተሰቦቹ በገዛ ድምፁ ተናገረ። አብረው ስላሳለፉት ጊዜ አመሰገናቸውና ጨፈረላቸው። በሁለቱ ሮቦቶች መዘጋት መካከል ከአምስት ዓመት በላይ አለ። ኩባንያዎቹም የተለያዩ ናቸው። የሆነው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ «አንድ አጋጣሚ ነው» ቢልሽ፣ አይደለም በይው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ሮቦት የልጅሽን ድምፅ ይሰማና በዋይፋይ ወደ ሩቅ ሰርቨር ይልካል። እዚያ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ጽሑፉ ለአንድ ትልቅ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም እንደ ሰው መልስ ለሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ይሰጣል። ሞዴሉ መልስ ይጽፋል። መልሱ እንደገና ድምፅ ሆኖ ይመለስና ከሮቦቱ አፍ ይወጣል። ይህ ሁሉ በሁለት በሦስት ሰከንድ ያልቃል። ልጅሽ በተናገረች ቁጥር ግን ኩባንያው ለሰርቨሩና ለሞዴሉ ይከፍላል። አንቺ የከፈልሽው አንድ ጊዜ ነው። እሱ የሚከፍለው በየቀኑ ነው። ልጅሽ ሮቦቱን በወደደችው መጠን ወጪው ይጨምራል። ይህ ሒሳብ የሚገጥመው ወይ ወርሃዊ ክፍያ ሲጠየቅ፣ ወይ አዳዲስ ገዢ ያለማቋረጥ ሲመጣ፣ ወይ ከባለሀብት ገንዘብ ሲገባ ነው። ሦስቱም ሲደርቁ ሰርቨሩ ይጠፋል። የማንም ክፋት አያስፈልገውም። ሞክሲን የሠሩት ሰዎች ለልጆች ከልባቸው የሚያስቡ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ያም ሆኖ ተዘጋ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «ከመቶ አንዱን ጉድ ይዘሽ» ያለሽ ነገር ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን ጉደኛ ዜና የሚሆነው ጉደኛው ነገር ብቻ ነው። ዛሬ በደንብ የሠራ የበር ደወል ዜና አይሆንም። እንዲህ ያሉ ወሬዎችን ብቻ የሚያነብ ሰው ዓለም በሙሉ በተበላሸ ዕቃ የተሞላች ይመስለዋል። ደግሞ ጉዶቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ተስቆበት የሚታለፍ ነው። አንዳንዱ ያስፈራል ግን መሠረት የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ያስቃል፣ ከሳቁ በታች ግን አንቺንም ነገ የሚነካ ነገር አለ። አንቺ ለሦስቱም እኩል እሳት ከሆንሽ፣ እሱ ሦስቱንም እኩል ጆሮ ዳባ ልበስ ይላቸዋል።

ለምሳሌ ፈርቢን እንውሰድ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ልጆች ያበዱለት ጸጉራም አሻንጉሊት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ «ወሬ ቀድቶ ሊያወጣብን ይችላል» ብሎ ከመሥሪያ ቤቱ አገደው። ፈርቢ ግን ድምፅ መቅዳት የሚችልበት ክፍል አልነበረውም። ቋንቋ የተማረ የሚመስለው አስቀድሞ የተሞሉለትን ቃላት ቀስ በቀስ ስለሚያወጣ ነው። እነዚያን የመሰሉ ባለሙያዎች ያሉበት ተቋም እንኳ ሳይፈትሽ ፈራ። አንቺንና እኔንማ ምን ያድነናል? ስለዚህ «ይሰልላል» የሚል ዜና ስታዪ መጀመሪያ ማይክሮፎን አለው ወይ፣ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ። መልሱ አይደለም ከሆነ ዜናውን እለፊው።

በ2017 መጀመሪያ የወጣውን፣ በድምፅ የምትታዘዘውን የአሌክሳን ወሬም ታስታውሺ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስ ያለች አንዲት ሕፃን ከአማዞን አሌክሳ ጋር ስታወራ የአሻንጉሊት ቤትና ብዙ ብስኩት አዘዘች። ሳንዲዬጎ የሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዜናውን ሲያቀርብ፣ ዜና አቅራቢው የልጅቷን ትእዛዝ የሚመስል ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ቲቪ እያዩ የነበሩ ሰዎች ደውለው «የእኛም አሌክሳ ልታዝ ሞከረች» አሉ። ይህን እኔም ሳነበው ከልቤ ነው የሳቅኩት። መፍትሔውም ቅርብ ነው። በድምፅ መግዛትን ማጥፋት ወይም የሚስጥር ቁጥር ማስገባት ይበቃል። በዚህ ላይ ከባል ጋር መኳረፍ አያስፈልግም።

ጁሴሮም እንደዚያው ነው። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የባለሀብት ገንዘብ የፈሰሰበት፣ መጀመሪያ 699 በኋላ 399 ዶላር ሲሸጥ የነበረ የጁስ መጭመቂያ ማሽን ነው። በ2017 የብሉምበርግ ጋዜጠኞች የጁሱን ከረጢት በእጃቸው ጨምቀው ያንኑ የሚያህል ጁስ በዚያው ፍጥነት አወጡ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ተዘጋ። የሚያሳዝነው የባከነው ገንዘብ ነው። ለቤታችሁ ግን የሚጨምረው ስጋት የለም።

ደግሞ ሌላውን ተመልከቺ። አንቺ የጠቀስሽው የጋለው አልጋ እውነተኛ ታሪክ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የአማዞን የክላውድ አገልግሎት፣ ማለትም ለሌሎች ድርጅቶች የሚያከራያቸው ሰርቨሮች፣ ተቋረጠ። ብዙ ድረ ገጾችና አፖች አብረው ወደቁ። ኤይት ስሊፕ የሚባለው፣ ሙቀቱ በአፕ የሚስተካከል ውድ ፍራሽ ያላቸው ሰዎች አልጋቸውን ማዘዝ አቃታቸው። ለአንዳንዱ ጋለበት። ለአንዳንዱ ጀርባው ቀና እንዳለ ቀረ። ዜናው ያስቃል። አልጋ ላይ የተኛው ሰው ግን ከፍራሹ ጋር ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም፤ ፍራሹ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ከሩቅ ሰርቨር ነበር። እዚህ ላይ ለባለቤትሽ የሚሆን ነጥብም አለ። የኩባንያው ኃላፊ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ወዲያውም ኢንተርኔት ሲጠፋ ፍራሹን በብሉቱዝ ማዘዝ የሚያስችል ነገር ተጨመረበት። የሰው ቁጣና ሳቅ ዕቃውን አሻሻለው ማለት ነው። ስለዚህ በጉደኛ ዜና ላይ አስተያየት መስጠትሽን ከንቱ ሥራ አድርጎ አይቁጠረው።

የሞክሲንና የፍራሹን ታሪክ ጎን ለጎን ስታስቀምጪ፣ ሁለቱም ላይ የተበላሸ ዕቃ አታገኚም። የተበላሸው ውሉ ነው። ገንዘብ ከፍለሽ ቤትሽ ያስገባሽው ዕቃ የሚሠራው ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ፣ በየቀኑ ፈቃደኛ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ነው። ሂዩማን የተባለው ኩባንያ ደረት ላይ የሚለጠፍ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያ በ2024 በ699 ዶላርና በወር 24 ዶላር ሸጠ። በፌብሩዋሪ 2025 ኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ የኩባንያውን ሀብት በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ወር መጨረሻ መሣሪያው ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አቆመ። የገዙት ሰዎች ከሽያጩ ዜና እስከ መዘጋቱ ያገኙት ጊዜ አሥር ቀን ገደማ ብቻ ነበር። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይም መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ካር ቲንግ የሚባል መሣሪያ ነበረው። በዲሴምበር 2024 ከርቀት አጠፋው። ስፖቲፋይ አልከሰረም፤ አልተዘጋም። ዕቃውን ማስኬድ ስላልፈለገ ብቻ ነው። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው፤ «ትልቅ ኩባንያ ስለሆነ አይዘጋም» ማለቱ አይቀርምና።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። ሰው ዕቃ ሲገዛ የእሱ ሆነ ብሎ ያምናል። ለልጁ ሲሰጥ የእሷ ሆነ ብሎ ይሰጣል። ሳጥኑ ላይ «ይህ ዕቃ የሚሠራው እኛ እስከፈለግን ድረስ ነው» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ ስንቱ ይገዛው ነበር? በጥቃቅን ፊደል ውሉ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ሕጎች ቀስ እያሉ መምጣት ጀምረዋል። ለምሳሌ ዩናይትድ ኪንግደም ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ የሚሸጡ አምራቾች የደህንነት አፕዴት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጡ በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዳለች። ጥሩ ጅምር ነው። ግን የደህንነት አፕዴት መስጠትና ሰርቨሩን ማቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን ገዢው ራሱ መጠየቅ አለበት።

የልጅ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ማይክሮፎኑ። ፈርቢ ላይ መሠረት ያልነበረው ፍርሃት እዚህ መሠረት አለው። በ2017 የጀርመን የፌዴራል ኔትወርክ ኤጀንሲ «ማይ ፍሬንድ ካይላ» የምትባለውን የምታወራ አሻንጉሊት ከልክሎ ወላጆች እንዲያስወግዷት ጠየቀ። በሕጋቸው የተደበቀ የስለላ መሣሪያ ናት አለ። በብሉቱዝ ርቀት ውስጥ ያለ ማንም ሰው ያለ ምንም የሚስጥር ቁጥር ከእሷ ጋር መገናኘት ይችል ነበርና። በዚያው ዓመት ክላውድፔትስ በሚባሉት አሻንጉሊቶች በኩል ልጆችና ወላጆች የተለዋወጧቸው ከሁለት ሚሊዮን በላይ የድምፅ መልእክቶች ኢንተርኔት ላይ ያለ ጥበቃ ተቀምጠው ተገኙ። ማንም ጠላፊ በር መስበር አላስፈለገውም። በሩ ክፍት ነበር።

የቅርቡ ደግሞ ከሁሉም በላይ ለእናንተ ጉዳይ የሚቀርብ ነው። በኖቬምበር 2025 ፒአይአርጂ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት በኤአይ የሚያወሩ መጫወቻዎችን ፈተሸ። ኩማ የሚባል የድብ አሻንጉሊት ነበረበት። ፎሎቶይ የተባለ ኩባንያ ሠርቶት፣ ቻትጂፒቲን በሠራው በኦፕንኤአይ ሞዴል የሚሠራ። ፈታሾቹ ረዘም አድርገው ሲያወሩት ክብሪትና ቢላ የት እንደሚገኝ ተናገረ። ስለ ወሲብም ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂ የማይመች ወሬ አወራ። ኩባንያው ለጊዜው ሽያጩን አቆመ። ኦፕንኤአይም አገልግሎቱን ከለከለው። እንግዲህ ይህ የሆነው በአንዲት ቃል ጥያቄ ሳይሆን ወሬው ሲረዝም ነው። ሻጩ ቆሞ በሚያሳያችሁ የሁለት ደቂቃ ሠርቶ ማሳያ ላይ አይታይም። ልጅ ግን ወሬ ታረዝማለች። የልጅ ሥራዋ እሱ ነው።

ስለዚህ ምን ታድርጉ? መጀመሪያ ለባለቤትሽ ሊንክ መላክ አቁሚ። ዜና ማንበብሽን አልቃወምም። የሚመስለኝ ግን በሥራ ሰዓት ስልኩ ላይ የሚደርሰው ሊንክ ምንም ያህል እውነት ቢሆን ክስ ይመስለዋል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ በሉና «ቴክኖሎጂ አልጠላም፤ የምጠላው ልጄ የምትወደው ነገር በማናውቀው ሰው ውሳኔ እንዲጠፋባት ነው» በይው። እሱ የጓጓው ልጁን ለማስደሰት ነው። ይህን መጀመሪያ ንገሪው፤ እውነት ስለሆነ።

ከዚያ ሮቦቱን እሱ ራሱ ይፈትሸው። አንቺ አትፈትሺው። ውጤቱን ካንቺ አፍ ከሚሰማ በገዛ እጁ ቢያገኘው ይሻላል። ሻጩ ጋ ሄዶ ዋይፋዩን ያስጠፋና ሮቦቱን ያናግረው። ምን መሥራት ይችላል? ጭራሽ ዝም ካለ፣ የምትገዙት ዕቃ ሳይሆን አገልግሎት ነው። ከዚያ ይጠይቅ፦ ወርሃዊ ክፍያ አለው? ዛሬ ከሌለውስ ነገ እንደማይጨመር የተጻፈ ነገር አለ? ኩባንያው ሰርቨሩን ቢዘጋ ገንዘብ ይመልሳል? የልጅቷ ድምፅ የት ይቀመጣል፣ ለስንት ጊዜ፣ ወላጅ ማጥፋት ይችላል? ሻጩ «እሱን አላውቅም» ካለ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የግል መረጃ ፖሊሲ ያንብብ። እዚያም ካልተጻፈ መልሱን አግኝቷል። ያለ ኢንተርኔት ቢያንስ ግማሹን የሚሠራ፣ ድምፅን ወደ ውጭ የማይልክ ሮቦት ካገኘ ደግሞ እኔም አቋሜን እለውጣለሁ፤ አንቺም ለውጪ።

ሌላ አማራጭም አለ፣ ለእሱም ደስ የሚለው ይመስለኛል። ልጅ የሚያዛቸው እንጂ ልጅን የማያወሯት ሮቦቶች አሉ። ቢቦት የሚባለውን ይመልከት። ንብ የሚመስል፣ ወለል ላይ የሚሄድ ትንሽ ሮቦት ነው። ጀርባው ላይ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ የሚሉ ቁልፎች አሉት። ልጅቷ ቅደም ተከተሉን ትጫናለች፣ ከዚያ «ሂድ» ትለዋለች። አልጋው ሥር ገብቶ ከቀረ ያሳሳተችው እሷ ናት፤ እንደገና አስባ ታስተካክላለች። አፕ አይፈልግም፣ ዋይፋይ አይፈልግም። አምራቹ ቢዘጋ እንኳ መሄዱን አይተውም። አዲስ ዕቃ የሚወድ አባት ከልጁ ጋር ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚጫወተው ዓይነት ነገር ነው። የሚያወራው ሮቦት ግን በተቃራኒው አባትየውን ነፃ ለማውጣት የተሠራ ይመስላል። «እሱ ያዋራት፣ እኔ ሥራዬን ልጨርስ» ለማለት ይመቻል። ባለቤትሽ እንዲህ አስቧል አላልኩም። ዕቃው ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም፤ እናንተ ስትደክሙ ደግሞ ይበልጥ።

ባለቤትሽ ይህን ሁሉ ሰምቶም «እኔ እገዛዋለሁ» ካለ ጦርነት አታድርጊው። ሁለት ነገር ብቻ ተስማሙ። ሮቦቱ ሳሎን ይቀመጥ፣ ልጅቷ መኝታ ክፍል አይግባ። ሲበራም አንዳችሁ የምትሰሙበት ቦታ ሁኑ። ደረሰኙንም አስቀምጡ። ዕቃው የሚመለስበት ቀን ከማለፉ በፊት ረዘም ያለ ወሬ ራሳችሁ አውሩትና ምን እንደሚል ስሙ። ልጅቷ አጠገባችሁ ሳትሆን።

ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው። «አልቋል» ወይም «ተበላሽቷል» ብለሽ አትዋሺያት። ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ስልክ ላይ ያየችውን ሮቦት ነገ ሌላ ልጅ እጅ ላይ ታየዋለች። እውነቱን በእሷ ልክ ንገሪያት። «ያ ሮቦት ራሱ አያስብም። ስታወሪው ሩቅ ያለ ትልቅ ኮምፒውተር ነው የሚመልስልሽ። ኮምፒውተሩን ሰዎቹ ካጠፉት ሮቦቱ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ ዝም የማይልብሽን ፈለግን።» ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ከምንገምተው በላይ ይረዳሉ። ትከፋ ይሆናል። ትክፋ። ጥያቄም ታመጣለች፦ ማን ነው የሚያጠፋው? ለምን? መልሺላት፤ የምታውቂውን ያህል።

ይህን ስትነግሯት ግን አባቷም አጠገብሽ ይቀመጥ። አንቺ ብቻ ከተናገርሽ እናት የከለከለች፣ አባት የፈቀደ ሆኖ ይቀርባታል፤ የእናንተ ክርክር ወደ እሷ ይሻገራል። ደግሞም ከልደቱ በፊት ይሁን። ሳጥኑን እየከፈተች እንድታውቀው አታድርጓት።